ፋኖስ የምትወለውለው በረኛ

ቀናተኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ፣ ምን ይጠበስ? በሰው መቅናትማ ማንም ይቀናል። እኔ የቀናሁት መጽሐፍ ውስጥ ባለች ሴት ነው፤ ያውም በረዶ ተራራ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ በር በምትጠብቅ፣ ሥጋም ደምም በሌላት ሴት።

የምሠራው ካፖርት በሚሰፋበት ቤት ነው። ምድር ቤት ቆራጮቹና የስፌት መኪኖቹ አሉ፤ እዚያ ሰው ከሰው ለመነጋገር ይጯጯሃል። ፎቅ ላይ ያለነው የእጅ ሥራ ሴቶች ነን። ገበር የሚያያይዝ አለ፣ ቁልፍ የሚተክል አለ። የእኔና የጎረቤቴ ሥራ እጅጌና ኮሌታው በመኪና ከመመታቱ በፊት በነጭ ክር ለጊዜው ማያያዝ ነው። መኪናው ከመታው በኋላ ነጩ ክር ይተረተራል። ስለዚህ ቆራጩ የቆረጠውን ከማንም በፊት የምናየው እኛ ነን፣ ጉድለቱንም ጭምር።

ጎረቤቴን ፍልቅልቅ ነው የምንላት። መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሳቅ ሲታደል ቀድማ የተሰለፈች ልጅ ናት፤ መርፌ ቢወድቅባት ትስቃለች፣ መርፌው ቢገኝላት ትስቃለች። እኔን ደግሞ ኮስታራዋ ይሉኛል።

የእኛን ጥቅል ከሚቆርጠው ቆራጭ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንድ ጠዋት ከታች የመጣልኝን ጥቅል ስፈታ ሁለቱም እጅጌዎች የግራ ሆነው አገኘኋቸው። ይዣቸው ወረድኩና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼለት ፊቱ ቆምኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ላይ ጠመኔ የሰካ ሰው ነው። እጅጌዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ ምናልባት ደንበኛው ሁለት ግራ እጅ ይኖረው ይሆናል አለኝ። ሳቄ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ከንፈሬን ነክሼ መለስኩትና «እሺ» ብዬው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ጥቅሌ ተሟልቶ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ ኮሌታው አንድ ጎኑ ይጎድላል፣ ነገ የኪሱ ክዳን ይረሳል። የፍልቅልቅ ግን ሁሌም ሙሉ ነው። ደረጃ መውጣትና መውረድ ሆነ ሥራዬ። ለእሷ ተጠንቅቆ ይቆርጣል፣ ለእኔ እንደመጣለት፤ ንቆኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ እግሬ ነው፤ ወደ እሱ ሲወርድ ይፈጥናል።

አንድ ቀን ከመደርደሪያ ላይ የጨርቅ ጣቃ ወደቀበትና ቀኝ እጁን ሰበረው። ጀሶ ታሰረለት። አለቃችን እትዬ፣ ቤት ተጎልቶ ከሚተክዝ ብለው በግራ እጁ ነጭ ክር እንዲተረትር ወደ እኛ ፎቅ አመጡት። በቀን አንድ ካፖርት እንኳ አይጨርስም። በምሳ ሰዓት ግን ጥግ ይዞ መጽሐፍ ያነብና ብቻውን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ፍልቅልቅ አላስቻላትም፣ እስቲ ለእኛም አንብብልን አለችው። አነበበ። ምሳ ሰዓቱ አለቀ፣ እሱ አላቆመም፣ እኛም መርፌያችንን አንስተን እያዳመጥን መሥራት ጀመርን። እትዬ ሊቆጡ መጥተው በሩ ላይ ቀጥ አሉ፤ ሐሜት የለ፣ መስኮት የሚያይ የለ፣ የሁሉም እጅ ይፈጥናል። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቆራጩ ሥራ ማንበብ ሆነ።

መጽሐፉ ሽፋኑ ላይ ሻርፕ ያደረገ ፍየል አለበት። የምሬን ነው፣ እንደዚያ የሚያስቅ ነገር ሰምቼ አላውቅም። በረዶ የማያቋርጥበት አገር አለ። በዓመት አንዴ፣ ብርዱ ሲከፋ፣ ትልቅ በዓል ይከበራል። በዓሉን ራሱን፣ መብራቱን፣ ዘፈኑን፣ የልጆቹን ደስታ ሳይቀር በጆንያ ተሸክሞ ከተራራ የሚያወርደው አንድ ግዙፍ ሰው ነው። ዘንድሮ ወገቡን ታመመና ጆንያውን ለእህቱ ልጅ ሰጠው። ልጁ አስማት ተምሮ የወደቀ ነው፤ እሳት ልጥራ ሲል ማስነጠስ ይይዘዋል፣ መሰላል ልሥራ ሲል ሾርባ ይፈስሳል። አብሮት የሚሄደው ፍየል ድሮ ዳኛ ስለነበር በየመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይፈርድበታል። ቆራጩ ፍየሉን የሚያነበው በእትዬ ድምፅ ነው። እኛ በሳቅ ስንፈርስ እትዬ ብቻ፣ ይሄ ፍየል ቁም ነገረኛ ነው እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እኛ ስንፈርስ አልኩ እንጂ እኔስ አልሳቅኩም። ለሚንቀኝ ሰው ሳቄን አልሰጥም ብዬ ሆዴን እስኪያመኝ ዋጥኩት።

ከዚያ ያቺ መጣች። አስማተኛው ከነፍየሉ ተራራው አናት ላይ ሲደርስ ትልቅ በር ያገኛል፤ በሩን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ናት። በረኛዋ ፋኖስ አላት። ስትናደድ አትጮህም፣ ፋኖሷን ትወለውላለች። ፋኖሱ እንደ መስታወት እያበራ፣ እሷ ግን ገና እንዳደፈ ሁሉ በቀሚሷ ጫፍ ትፈትገዋለች። አስማተኛው ሊያስቃት ያልሞከረው ነገር የለም። አትስቅም። ሳቋን ስትይዝ ብቻ ግራ ጉንጯ ስርጉድ ይላል፤ እሱም ያቺን ስርጉድ ለማየት ሲል በየቀኑ ሰበብ ፈልጎ ያንኳኳል።

እዚህ ላይ ሲደርስ የቆራጩ ድምፅ ይለወጣል። ፍየሉን ሲያነብ የሚጮኸው ሰው ዝግ ይላል፣ ይለሰልሳል። ዓይኑንም ከመጽሐፉ ያነሳል። በቃሉ ይዟታል ማለት ነው፣ ስንቴ ቢያነባት ነው አልኩ። ቀና ሲል ደግሞ የሚያየው ወደ መስኮቱ ነው፣ ወደ እኔና ወደ ፍልቅልቅ ጠረጴዛ።

ፍልቅልቅ ስርጉድ አላት፣ ያውም በሁለቱም ጉንጮቿ። በክርኗ ጎሰም አድርጋኝ፣ ይቺ በረኛ እኔን አትመስልም ወይ አለችኝ። መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ የሚያየው ሌላ ነገር ጠፋ። ፍልቅልቅ ጀሶው ላይ በጠመኔ ፍየል ስትስልለት አየሁ። የአንገቱን ማንጠልጠያ ስታስተካክልለት አየሁ። ብርቱካን ልጣ በጉርሻ ስታቀርብለት፣ እሱም በጀሶ እጁ ሲያመሰግናት አየሁ። እኔም እኮ ብርቱካን መላጥ እችላለሁ። ግን እንዴት ተብሎ ይኬዳል? ለስንት ጊዜ ኮሌታ ጎደለ ብዬ የተኮሳተርኩበትን ሰው ዛሬ ብርቱካን ብላልኝ ልበለው? ቅናት እንደሆነ አውቄዋለሁ። ማወቁ ግን አላበረደልኝም።

አንድ ቀን ከሥራ በኋላ እጅ መታጠቢያው ጋ ተገናኘን። በአንድ እጁ ሳሙናውን መያዝ አቅቶት ሲታገል፣ ቧንቧውን ከፈትኩለት።

«ታሪኩ አልጣመሽም እንዴ?» አለኝ።

«ጥሞኛል። ፍየሉ ያስቃል። ያቺ ሴትዮ ግን አልገባችኝም፣ በር ዘግቶ መቀመጥ ሥራ ነው?»

ውኃው በጣቶቹ መሀል ይወርዳል።

«ማን ያውቃል» አለ፣ «ደህና አድርጎ የሚያንኳኳ እየጠበቀች ይሆናል።»

«እንግዲያው አስማተኛው ጊዜውን ባያባክን ይሻለዋል። የምትስቅለት እያለች ከማትስቅለት ደጅ ምን ያቆመዋል? ወደ ሌላ በር ይሂድ።»

ቧንቧውን ዘግቼ፣ በጨርቁ ጠርጌ፣ እንደገና ጠርጌ ወጣሁ። ስለ ፍልቅልቅ ነው የተናገርኩት፤ የገባው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የነበረው ንባብ ፍየሉ እንኳ ማንንም ያላሳቀበት ንባብ ነበር። በረኛዋ በሩን ስንጥቅ ታህል ከፈተችና አስማተኛውን፣ ወደ ሌላ በር ሂድ አለችው። አስማተኛው ጆንያውን አነሳ። ቆራጩ እዚያ ላይ መጽሐፉን ከደነ። ሴቶቹ ተንጫጩ፣ ምን ዓይነት ልበ ደረቅ ናት አሉ። እትዬ ሳይቀሩ፣ ምን አለ ብትከፍትለት ብለው ተቆጡ። እኔ ብቻ አንድ ነገር ገርሞኝ አቀረቀርኩ። በረኛዋ የተናገረችው የእኔን ቃል ነው። ወረቀቷ ሴትዮ አፌን ነጠቀችኝ ብዬ ይባስ ተቃጠልኩባት። ይኼን ያህል ነበር ብልህነቴ።

ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋው ሰውዬ ዘንድ ያንኑ ፍየል አየሁት። ገዛሁት። የበረኛዋን መጨረሻ ሳላይ አላድርም ብዬ አውቶቡሱ ውስጥ ጀመርኩ፣ ቤትም ገብቼ ቀጠልኩ። አስማተኛው ተራራው አናት ላይ ደረሰ። በር የለም። ድልድይ ነው ያለው፤ ድልድዩን የሚጠብቀው ጉንፋን የያዘው እንቁራሪት ነው። ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ወደ ፊት ገለጥኩ። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። በዓሉ ከተማ ገባ፣ ፍየሉ በንጉሡ ላይ ፈረደ፣ መጽሐፉ አለቀ። በረኛ የምትባል ሴት የለችም።

ከራሱ ፈጥሯታል ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲያውቅ ይቀልለው ይሆናል። በእኔ ላይ ጭራሽ እሳት ለቀቀብኝ። በመጽሐፍ ያለችውን ሴት ቢወድ ጸሐፊው ነው ጥፋተኛው። ለፍልቅልቅ ብሎ፣ ሁላችንም ፊት፣ ከሆዱ አውጥቶ ሴት ሠራላት።

ከእራት በኋላ ዕቃ እያጠብኩ ለእናቴ አወጣሁት፣ ከሁለቱ ግራ እጅጌ ጀምሬ እስከ እንቁራሪቱ። እናቴ ነገር አትቸኩልም፤ ምስር እየለቀመች ሰማችኝ።

«ይቺ በረኛ ስትናደድ ምን ታደርጋለች አልሽኝ?»

«ፋኖስ ትወለውላለች። የጠራውን ፋኖስ እንዳደፈ ሁሉ ትፈትገዋለች። ሰው አይደለችም እኮ፣ በሽተኛ ናት።»

«እጅሽ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?»

አየሁት። ብርጭቆ ነው። ማብሰያዎቹ ሁሉ እንዳሉ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከጨዋታው መጀመሪያ አንስቶ ያንኑ አንድ ብርጭቆ እየፈተግኩ ነበር።

«ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው» አለች እናቴ። «ተቆጥተሽ ጠረጴዛ ስትወለውዪ፣ ልትበሺው ምንም አይቀርሽም ነበር።»

«ስርጉድ የላትም ወይ ፍልቅልቅ? ስርጉዷስ?»

«አንቺም አለሽ።»

«እኔ? ኧረ የለኝም። መስታወት አይቼ አላውቅም እንዴ?»

«መስታወት ፊት ሳቅሽን መቼ ይዘሽ ታውቂያለሽ? ሳቅ ስትውጪ ግራ ጉንጭሽ ስርጉድ ይላል። አባትሽም እንደዚያው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። በረኛዋ የምትሰረጉደው ሳቋን ስትይዝ ብቻ ነው። ፍልቅልቅ ደግሞ ከተወለደች ሳቋን ይዛ አታውቅም። በዚያ ክፍል ውስጥ ሳቁን የሚውጥ አንድ ሰው ብቻ አለ። በረኛዋን የፈጠረውን ሰው ደግሞ ወደ ሌላ በር ሂድ ብዬ በገዛ አፌ አባርሬዋለሁ።

ሰኞ ስገባ ጥጉ ባዶ ነው። ጀሶው ተፈቶለት ታች ወደ መቁረጫው ተመልሷል አሉ። መጽሐፉን ለሴቶቹ ትቶላቸዋል፣ የቀረውን ራሳቸው ያንብቡት ብሎ። ከታች የመጣልኝን ጥቅል ፈታሁ። ግራ እጅጌ፣ ቀኝ እጅጌ። ኮሌታው ከነጎኑ። የኪሱ ክዳን አለ። እንደገና ቆጠርኩት፣ ምንም አይጎድለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተሟልቶ መጣልኝ፣ እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ሲጎድል ምን ማለት እንደነበረ ያኔ ገባኝ። እንድወርድ ነበር። ከእንግዲህ እንድወርድ አይፈልግም። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ በነጩ ክር ላይ አቀረቀርኩ።

ሴቶቹ ግን ሰላም አልሰጡም። በረኛዋ ከፈተች ወይስ አልከፈተችም ብለው መጽሐፉን ለፍልቅልቅ ሰጧት። ፍልቅልቅ ገለጠች፣ ገለጠች፣ ግንባሯን ቋጠረች። እንቁራሪት ነው የማገኘው አለች። እትዬ መነጽራቸውን አጠለቁና እጃቸውን ዘረጉ። ትንሽ ቢቆይ ጉዱ ሊፈላ ነው፤ ያ ሁሉ የለሰለሰ ድምፅ ለማን እንደነበር ክፍሉ ሁሉ ሊመራመር ነው።

«አምጪው፣ እኔ አነባለሁ» አልኩ።

ኮስታራዋ ልታነብ ነው ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በዕድሜዬ ውሸት ፈጥሬ አላውቅም። እንቁራሪቱ ያለበትን ገጽ ገልጬ፣ ዓይኔን እዚያ ላይ ተክዬ ጀመርኩ።

«በረኛዋ አስማተኛውን ከሸኘችው በኋላ ፋኖሷን መወልወል ጀመረች። ወለወለችው፣ ወለወለችው። በመጨረሻ ፋኖሱ ከመጥራቱ የተነሳ የራሷን ፊት አየችበት። ጉንጯ ላይ ስርጉድ አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ አታውቀውም ነበር፤ ያወቀው እሱ ብቻ ነው።» ገጽ ገለጥኩ፣ ለወጉ ያህል። «በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ደጁ ላይ ግን ማንም አልነበረም። ሊያንኳኳ የሚመጣው ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ታች ወርዷል።»

«ከዚያስ?» አለች ፍልቅልቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም።

«ከዚያማ በረኛዋ ራሷ ትወርዳለቻ!» አሉ እትዬ ተቆጥተው። «ምን ያስቀምጣታል?»

መጽሐፉን ከደንኩ። ያንን ሙሉ ጥቅል አንስቼ ደረጃውን ወረድኩ።

ቆራጩ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ፣ የዳነውን እጁን እየሳሳለት በጠመኔ ያሰምራል። ጥቅሉን ፊቱ ዘረገፍኩት።

«ጎድሏል» አልኩት።

መኪኖቹ ያጓራሉ። አልሰማኝም፣ ጆሮውን አስጠጋ።

«ጎድሏል አልኩህ!»

እጅጌዎቹን ለያየ፣ ኮሌታውን አየ። «ሙሉ ነው። ሁለቴ ነው ያየሁት።»

«እሱ ነው ጉድለቱ» ብዬ ጮህኩ። «መጽሐፉን ገዝቼ አነበብኩት። በረኛ የለችም። እንቁራሪት ነው ያለው።»

ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ፊቱ ቀላ። ማን እንደሆነች አውቃለሁ፣ ግን ከአፉ መስማት ፈለግኩ፤ ለዚያ ሁሉ ቅናቴ ካሳ ይገባኛል።

«ማን ናት?» አልኩት።

«የመጀመሪያው ሁለት ግራ እጅጌ የእውነት ስህተት ነበር» አለ። «አንዲት ሴት ተቆጥታ ይዛው መጣች። ሳቋን ይዛ ፊቴ ቆመች። ከዚያ በኋላ የጎደለው ሁሉ ስህተት አይደለም። እጄ ሲሰበር የማጎድልባት ጠፋኝ፣ ስለዚህ በረኛ ፈጠርኩ። አንቺ ወደ ሌላ በር ሂድ አልሽኝ።»

«ስለ ፍልቅልቅ ነበር የነገርኩህ። ቀንቼ ነው።»

«ምን?» አለ፤ መኪናው ውጦብኛል።

«ቀንቼ ነው!» ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ። «በሩ ክፍት ነው፣ ግባ!»

መኪኖቹ ለምሳ የቆሙት በዚያች ቅጽበት ነው። ድምፄ ብቻውን ምድር ቤቱን ዞረው። ወንዶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ፣ ከደረጃው ራስ ላይ ደግሞ ሴቶቹ ተደርድረው እትዬን ከፊት አድርገው ቆመዋል። ሳቄን ልይዘው ሞከርኩ። እሱ ግራ ጉንጬን ብቻ ነው የሚያየው። አልቻልኩም፣ ለቀቅኩት፤ እሱም አብሮኝ ሳቀ።

ይኸው እስከ ዛሬ መጽሐፉ ቤታችን መደርደሪያ ላይ አለ፣ ሁለቱም ቅጂ፣ ጎን ለጎን። ፍልቅልቅ የእሱን ቅጂ ተውሳ ወስዳ፣ መሀሉ ላይ ገጽ ጎድሎታል ብላ መለሰችው። ብርዱ ሲጀምር ባሌ ያነብልኛል፣ በየዓመቱም ከሆዱ አንድ ነገር ይጨምርበታል። ዘንድሮ ከድልድዩ ማዶ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ አስገብቷል። ድምፅዋ ያምራል፣ እየዘፈነች ነው የምታቦካው አለ፣ ድምፁንም ዝግ አደረገ።

«ማን ናት እሷ?» አልኩት።

ፈገግ ብሎ እጄን ያያል። ብርጭቆ ይዣለሁ።